ለዘጠነኛው አልጋ የሚቀርበው ሰላምታ

ወዳጆቼ፣ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውጋችሁ። አጭር ናት፤ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። ከቀዘቀዘም ጥፋቱ የክረምቱ ነው፣ እኔን እንዳትወቅሱኝ።

አንድ ሆስፒታል ነበረ። ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር ጉሙ ከታች ከቆላው እየተሳበ ይወጣና በመስኮት ይገባል። ገብቶም ዝም ብሎ አይቆምም፤ እንደ ታማሚ ጠያቂ በየአልጋው መሀል ይዞራል። አስታማሚዎቹ "ዛሬም መጣ" ይባባሉና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ።

በዚህ ሆስፒታል፣ በወንዶች ተኝቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ሁለት አልጋ አለ። ሰው የሚተኛው ግን በአሥራ አንዱ ላይ ነው። ዘጠነኛው ላይ የሚተኛ የለም። ፋሲካ አለፍ እንዳለ ሦስት ሰው ተከታትሎ እዚያ አልጋ ላይ አረፈ። አንዱ በሳንባ፣ አንዱ በጉበት። ሦስተኛው ግን ድኖ፣ መውጫ ወረቀቱ ተጽፎለት፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ እንዳለ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ "ዘጠነኛው ላይ ትተኛለህ" የተባለ በሽተኛ ሁሉ "መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፉልኝ" ይል ጀመር። አልጋው ግን ጠዋት ጠዋት ይነጠፋል። አንሶላው ይቀየራል፣ ብርድ ልብሱ ይታጠፋል። የሚነካው የለም።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ይርገዱ ይባላሉ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። በከተማው ውስጥ በእሳቸው እጅ ያልተወጋ መቀመጫ ከተገኘ ባለቤቱ ከሌላ አገር የመጣ ነው ይባላል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቀርቷቸዋል።

ወንዳለ የሚባል ነርስ ደግሞ በእሳቸው ሥር ይሠራል። መርፌ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በሕይወቱ መጀመሪያ የወጋው ሰው ራሳቸውን ሲስተር ይርገዱን ነው፤ ክንዳቸውን ዘርግተው "ውጋ! እኔ ካልጮህኩ ሌላው አይጮህም" ብለውታል። አልጮሁም። ክንዳቸው ግን ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ነበር።

ታዲያ በዚያ ሆስፒታል አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ እያንዳንዱን ነርስ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ይገመግሙታል። ፎርም አለው፤ ሃያ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ እስከ አራት ነጥብ። ጥሩ ነገር ነው። አሞላሉ ላይ ነው ችግሩ። ያምናውን ፎርም ያወጡና ቁጥሩን ይገለብጣሉ፣ ቀኑን ይቀይራሉ። ቀኑንም መቀየር የሚረሳ አለ። ሁሉም ለሁሉም አራት ከአራት ይሰጣል፤ ነገ ያ ሰው እኔን ይሞላኛል ነው ነገሩ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረች ሰባት ወር የሆናት ነርስ "ሥራ በሰዓቱ ትገባለች፣ አራት" ተብሎ ተሞልቶላታል።

በአንድ ክረምት የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆነችው ሜትሮን ወንዳለን ቢሮዋ አስጠራችው።

"ዘንድሮ ሲስተር ይርገዱን የምትገመግሙት አንተ፣ አስካልና ከድር ናችሁ" አለችው።

"እሺ፣ ፎርሙን ስጪኝ። ከምሳ በፊት አደርሰዋለሁ።"

"ቁጭ በል። እሱ ብቻ ቢሆን በጥበቃም እልክልህ ነበር። ሦስት ቀን ከጎናቸው ሳትለይ ተከተላቸው።"

"ምን ተገኘ?"

ሜትሮኗ ተነስታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"አስታማሚዎች መጥተው ነገሩኝ። ሲስተር ከዘጠነኛው አልጋ ጋር ያወራሉ አሉ።"

ወንዳለ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ሁለት ቤተሰብ ያልዳነ በሽተኛውን ይዞ ወጥቷል። 'ከሙት ጋር የምትነጋገር ሴት እጅ ላይ አንተወውም' ብለው። እንግዲህ ጤነኛ ከሆኑ፣ ጤነኛ ናቸው ብለህ ፈርም። ካልሆኑም እውነቱን ጻፍ። አሥራ አንድ ነፍስ ነው እዚያ የተኛው።"

ወንዳለ እያሰላሰለ ከቢሮው ወጣ። መጥፎ ከጻፈ ሲስተር ጡረታቸውን ሳያዩ በሠላሳ አራት ዓመታቸው ውርደት ተሸክመው ሊወጡ ነው። ደግሞ እሳቸው ከተነሱ ተተኪው ራሱ ነው፤ "ወንበራቸውን ፈልጎ ነው" ሊባል ነው። ጥሩ ከጻፈና አንድ ነገር ቢፈጠርስ? ይህን ሲያስብ ሦስቴ በአንዱ ደረጃ ወጣ፣ ሦስቴ ወረደ። ጥበቃው "የጠፋህ ነገር አለ?" ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ርክክብ ነበር። የአዳር ነርሶች በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛውን ለቀን ገቢዎቹ የሚያስረክቡበት ሰዓት ነው። ጉሙ ገብቷል። ሲስተር ይርገዱ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ይሄዳሉ፤ ጫማቸው ድምፅ የለውም። በየአልጋው ይቆማሉ፣ በሽተኛውን ግንባሩን ይነካሉ፣ ጎንበስ ብለው ትንፋሹን ያሸታሉ፣ ከዚያ ስሙን ይጠይቁታል። የሚያውቁትንም ሰው ይጠይቁታል።

ስምንተኛው አልጋ ላይ ጋሽ ዳምጠው የሚባሉ በሬ ነጋዴ ተኝተዋል። ሳንባቸውን አሟቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

"ስምዎን ይንገሩኝ" አሏቸው ሲስተር።

"ዳምጠው ነኛ! ትናንትም ዳምጠው ነበርኩ፣ ከትናንት ወዲያም።"

"ሌሊቱን ሳል እንዴት አደረገዎት?"

"እኔን ተይኝና ጎረቤቴን ጠይቂልኝ" አሉ ጋሽ ዳምጠው በአገጫቸው ወደ ዘጠነኛው አልጋ እያመለከቱ። "አያንኮራፋ፣ አይራገጥ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!"

ከእሳቸው በቀር የሳቀ የለም። የአሥረኛው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲስተር ይርገዱ ወደ ዘጠነኛው አልጋ ሄዱ። ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ እንደተነጠፈ ነው። ቆሙ። መዳፋቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉ።

"እንደምን አደርክ የኔ ጌታ?"

ዝም። ሲስተር አንገታቸውን ዘመም አድርገው ጠበቁ። የሚናገር ሰው ከንፈር ላይ ጆሯቸውን እንዳስጠጉ ዓይነት። ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መዳፋቸውን አነሱ።

"እግዜር ይማርህ" አሉና ወደ አሥረኛው አለፉ።

ወንዳለ አስካልን አያት። አስካል ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከድርን አየው። ከድር ጣራው ላይ አንድ ነገር የተጻፈ ይመስል ወደ ላይ ያነብ ነበር። ሁለቱም ይህን ዛሬ ያዩት እንዳልሆነ ወንዳለ ገባው።

በሁለተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ ይወርድ ጀመር፣ መብራት ጠፋ፣ ጄነሬተሩም እንደ ልማዱ ሁለቴ አስሎ ተኛ። ቀኑ እኩለ ሌሊት መሰለ። በዚያው ሰዓት ተቅማጥ የገደለውን አንድ ገበሬ በቃሬዛ ይዘው ገቡ። ገደለው ማለቴ ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ሰውነቱ ደርቆ ደም ሥሩ ሁሉ ሰምጧል። አስካል በስልክ መብራት እየፈለገች አንዴ ወጋች፣ ሁለቴ ወጋች፣ ሦስቴ። አልተገኘም። የገበሬው ሚስት ማልቀስ ጀመረች።

"ዞር በሉልኝ" አሉ ሲስተር ይርገዱ ከኋላ መጥተው። "መብራቱን አጥፉት፤ ያደናግረኛል።"

አስካል አጠፋችው።

ጨለማው ውስጥ ምንም አይታይም። የሚሰማው በረዶው ጣራውን ሲደበድብና ሲስተር በለሆሳስ አንድ ነገር ሲያንጎራጉሩ ብቻ ነው። የሰውየውን ክንድ ከብብቱ እስከ አንጓው በጣታቸው እየዳበሱ ነው። ከዚያ "ግሉኮሱን ክፈቱ" አሉ። ገብቷል። በአንድ መውጋት። ሲስተር ተነስተው በጋሪውና በወንበሮቹ መሀል ምንም ሳይነኩ ሰተት ብለው ሄዱ። ከኋላቸው ሊከተላቸው የሞከረው ከድር ጋሪውን በጉልበቱ ገጭቶ "ወላሂ!" ሲል ተሰማ።

የገበሬው ሚስት ወንዳለን እጅጌውን ያዘችው።

"ወንድሜ፣ ይቺ ሴት በጨለማ ታያለች እንዴ?"

እውነቱን ለመናገር የወንዳለም ፀጉር ቆሟል። ባልየው ግን ሲመሽ ውሃ ጠጣ፣ ሲነጋ የሚበላ ጠየቀ።

ሦስተኛው ቀን መጣ። ጉሙ ከሌላው ቀን ሁሉ የባሰ ነበር፤ ከአንደኛው አልጋ አሥራ ሁለተኛው አይታይም። ወንዳለ እንግዲህ ቁርጡን ማወቅ አለብኝ ብሎ ከርክክቡ በፊት ቀድሞ ገባ። ከዘጠነኛው አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ሲስተር ባዶው አልጋ ላይ የሚያዩትን ነገር ፊታቸው ላይ አያለሁ ብሎ ነው። ሲመጡ ያዩኛል፣ ያኔ ምን እንደሚያደርጉ አያለሁ ብሎ ነው።

ሲስተር መጡ። ጋሽ ዳምጠውን ስማቸውን ጠየቁ፣ ተሰደቡ፣ ሳቁ። ወደ ዘጠነኛው ዞሩ። ከወንዳለ ጋር ፊት ለፊት ሆኑ። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢኖር ነው። ወንዳለ "እንደምን አደሩ" ሊል አፉን ሊከፍት ነበር።

ሲስተር አላዩትም።

ዓይናቸው እሱ ላይ ነው፤ ግን በእሱ ውስጥ አልፎ ግድግዳውን የሚያይ ይመስላል። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም፣ ሰላምታ የለም። ወንዳለ እጁን አንስቶ ፊታቸው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገው። ምንም። ያን ጊዜ፣ በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ "የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ባዶው አልጋ ላይ የተኛው፣ የማይታየው፣ ጫማውን ሲያስር የቀረው እኔ ነኝ እንዴ?

ሲስተር መዳፋቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ።

"እንደምን አደርክ የኔ ጌታ?"

ወንዳለ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው። ሲስተር ቀና አሉ።

"ማነው?" አሉ። "እዚህ ማነው ያለው?"

ጎንበስ ብሎ ዓይናቸውን ያየው ያኔ ነው። ብሌናቸው ላይ፣ በሁለቱም፣ ነጭ ነገር ጋርዶበታል። ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ። የዓይን ሞራ! በየቀኑ አብሯቸው እየዋለ፣ አንድ ቀን እንኳ ዓይናቸውን በደንብ አይቶት አያውቅም።

"እኔ ነኝ ሲስተር። ወንዳለ።"

"ምነው ታዲያ እንደ ጅብ ተሸሽገህ ቆምክ!" ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ? ሰው ሁሉ እያየ "አያዩም እንዴ?" ይበላቸው? በኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ አለ። ይህቺ "በኋላ" የምትባል ነገር ስንቱን እንደፈጀች እናንተም ታውቃላችሁ።

አራት ሰዓት ላይ የመድኃኒት ሰዓት ደረሰ። ሲስተር የጋሽ ዳምጠውን መርፌ ሊያዘጋጁ መድኃኒት ጋሪው ጋ ቆሙ። ዱቄቱ በውሃ ይበጠበጥና በደም ሥር ይሰጣል። ከውሃው ብልቃጥ ቦታ አንዱን አነሱ፣ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት፣ ሰበሩት፣ በሲሪንጅ ሳቡት፣ ዱቄቱን በጠበጡት። እጃቸው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ እንደ ሸማኔ እጅ ነው። ጋሽ ዳምጠው ክንዳቸውን ዘርግተው "ዛሬ ደግሞ ቀስ በይ፣ ይሄ ክንድ ገና በሬ ይሸጥበታል" ይላሉ።

ወንዳለ የተሰበረውን ብልቃጥ አየው። ዕቃ ግምጃ ቤት በዚያ ሳምንት አዲስ መድኃኒት አስገብቷል። አዲሱ የፖታሲየም ብልቃጥ ልክ የውሃውን ያህላል፤ ቁመቱም፣ ውፍረቱም፣ አንገቱም አንድ ነው። ጋሪው ላይ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ተደርድሯል፤ የሚለየው ጽሑፉ ብቻ ነው። ፖታሲየም በብዙ ግሉኮስ ተበርዞ ጠብ ጠብ እያለ የሚሰጥ ነገር ነው። እንዳለ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብን ቀጥ ያደርጋል።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ፖታሲየም ነበር።

መርፌው ጋሽ ዳምጠው ክንድ ላይ የተሰካችው ቀጭን ቱቦ፣ የካኑላዋ፣ ጫፍ ላይ ደርሷል። ወንዳለ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም፤ የሲስተርን አንጓ ጨምቆ ያዘው።

"ምን ሆናችኋል?" አሉ ጋሽ ዳምጠው።

"ምንም" አለ ወንዳለ። "መርፌው ተበላሽቶ ነው።"

ሲሪንጁን ከሲስተር እጅ ወስዶ ደፋው፣ ለጋሽ ዳምጠው ሌላ አዘጋጅቶ ሰጣቸው። ከዚያ ሲስተርን ክንዳቸውን ይዞ ወደ አንሶላ ማስቀመጫዋ ክፍል ወሰዳቸው። በሩን ዘጋ። ሁለት ያልተሰበሩ ብልቃጦች መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

"ሲስተር፣ የቱ ነው ውሃው?"

ሲስተር ብልቃጦቹን አገላበጡ። በአውራ ጣታቸው የብልቃጦቹን አንገት ዳሰሱ። ጆሯቸው ጋ አስጠግተው ነቀነቁ። ቆዩ። ከውጭ የአንድ ሰው ሳል ይሰማል።

"ይሄኛው" አሉ።

ያነሱት ፖታሲየሙን ነበር። ወንዳለ ብልቃጡን ከጣታቸው መልሶ ሲወስደው ሲስተር የታጠፉት አንሶላዎች ላይ ቁጭ አሉ።

"ስንት ጊዜዎ ነው?" አላቸው።

"ዓመት ከመንፈቅ። መጀመሪያ ጽሑፍ ነው የጠፋኝ። ከዚያ ፊት። አሁን ጥላ ጥላ ነው የማየው። ጣቴ አለ፣ ጆሮዬ አለ ብዬ ነው።"

"ስማቸውን የሚጠይቁት…"

"በድምፃቸው ልለያቸው ነው።"

"ዘጠነኛውስ?"

"ሰው ይኑርበት አይኑርበት በምን ልወቅ? ዛሬ ባዶ ነው ብዬ ባልፈው፣ ማታ አስገብተውበት ቢሆንስ? ስለዚህ እዳብሰዋለሁ፣ እጠራዋለሁ፣ እጠብቃለሁ።"

"እግዜር ይማርህ የሚሉትስ?"

"መመለስ ያቃተው ቢሆንስ ልጄ?" አሉ። ቀጥለውም፣ "አንድ ሁለት ቀን ትንፋሽ የሰማሁ መስሎኛል። ጉም ይሁን ሌላ አላውቅም" አሉ።

ይህንን እኔም አላውቅም፤ ማጣራትም አልፈልግም።

"አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው የቀረኝ" አሉ ሲስተር። "አንተ ከጎኔ ከቆምክ አልፈዋለሁ። ያነበብከውን ትነግረኛለህ።"

ወንዳለ እንባው መጣ። "አዎ" ሊላቸው ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደግሞ እዚያች ካኑላ ጫፍ ላይ የደረሰችው መርፌ ፊቱ ላይ ተደቀነችበት።

"አይሆንም ሲስተር" አላቸው።

ሲስተር እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ፈለጉ፣ አገኙት፣ እንባውን ጠረጉለት። ከዚያ ተነስተው ካፖርታቸውን አውልቀው አጥፈው አስቀመጡና "እንግዲህ ጻፈው" አሉ።

በማግስቱ ሦስቱ ገምጋሚዎች ሜትሮኗ ቢሮ ተሰበሰቡ። የአስካል ፎርም ሃያውም አራት ነው። የከድርም ሃያውም አራት ነው፤ ቀኑ ያምናው ነው። ሜትሮኗ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበች፦ "መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ስያሜውን አንብቦ ያረጋግጣል።" አስካል አራት። ከድር አራት። ወንዳለ ዜሮ። የወንዳለ ፎርም ላይ ከታች እንዲህ ተጽፏል፦ "ዓይናቸው አያይም። በአስቸኳይ ይታከሙ። እስከዚያ መድኃኒት አይስጡ። የቀረው ሁሉ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ከእሳቸው የሚበልጥ የለም።"

አስካል ብድግ አለች።

"አንተ! ጡት አጥብተው ያሳደጉህን ሴት! ወንበራቸው አማረህ አይደል?"

"አስካል፣ አያዩም እኮ።"

"አውቃለሁ! አሳምሬ አውቃለሁ! ዓመት ሙሉ ቻርቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ! አንዴ ትንፍሽ ብያለሁ?"

ከድር በዝግታ እጁን አወጣ፣ ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ።

"እኔም በኔ ተራ መድኃኒቱን ቀድሜ አዘጋጅላቸዋለሁ" አለ። "እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር።"

ሜትሮኗ ሁለቱንም አየቻቸው።

"አስካል፣ ትናንት አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?"

"ላቦራቶሪ።"

"ከድርስ?"

"ረፍት ነበርኩ።"

"ታዲያ ትናንት አራት ሰዓት ላይ ማን ነው ያነበበላቸው?"

ያን ጊዜ ቢሮው ውስጥ የወረደው ዝምታ፣ ወንዳለ እንደሚለው፣ ከዘጠነኛው አልጋ ዝምታ የባሰ ነበር። አስካል ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሲስተር ይርገዱ ሞራው ተገፎላቸው አንድ ዓይናቸው በደንብ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ግን እንዳለ ቀረ። መድኃኒት መስጠቱን ለሌሎች ተዉት፤ ጡረታቸው እስኪደርስ ለአዲስ ነርሶች ደም ሥር በጣት መፈለግ አስተማሩ፣ ዓይናቸውን በሻሽ እየጋረዱባቸው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ትምህርቱ ይህ ነው። ሰው ሁሉ የፈራው ሲስተር ከባዶ አልጋ ጋር ማውራታቸውን ነው። እሱ ማንንም አልጎዳም፤ እንዲያውም ከጥንቃቄ የመጣ ነበር። የሚያስፈራው ነገር እዚያ ፎርም ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አራት ተብሎ የተጻፈው ነው። ባልንጀራህን ስትወድ ጉድለቱን ትሸፍንለታለህ፤ የሸፈንከው ጉድለት ግን እሱ ዘንድ አይቀርም፣ ከእሱ በታች የተኛውን ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ምስክር ሁን ሲሉህ ያየኸውን ተናገር። በፍቅር ተናገር፣ እያለቀስክም ቢሆን ተናገር። እስቲ አንተም አንቺም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ያላያችሁትን ነገር አራት ብላችሁ የፈረማችሁበት ወረቀት የት የት አለ?

ሜትሮኗ ፎርሞቹ በተነበቡበት በዚያው ቀን ሦስቱንም አሰልፋ ወደ ስምንተኛው አልጋ ወሰደቻቸው። ለሰውየው እውነቱን ንገሩት አለቻቸው። ወንዳለ ስለ ብልቃጡ ተናገረ። "መርፌው ተበላሽቶ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው" አለ። አስካል እየተንተባተበች ቀጠለች፤ ሲስተርን ስለምንወዳቸው፣ ስለምናከብራቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ስላገለገሉ፣ ፊት ለፊት መናገሩ ስለከበደን ነው ዝም ያልነው አለች። ከድር በየመሀሉ "አዎ፣ አዎ" ይላል። ጋሽ ዳምጠው ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳብ አደረጉና አንድ በአንድ አዩዋቸው።

"እና በይሉኝታ ልትገድሉኝ ነበር በሉኛ!"